ሮሂኒ ሁለቴ የወጣችበት ወር

አቹታን ከባቡር ጣቢያ ሹምነት ጡረታ ከወጣ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላውም የእጅ ሰዓቱን የሚያወልቀው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነበር። ከሚታጠብበት ኩሬ ደረጃ ላይ ያኖረውና፣ ታጥቦ ሲወጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት አይቶ መልሶ ያስረዋል። በኒላ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች መንደር በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም «ሹሙ» ይለዋል። እሱም ይህን ይወደዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ ይዞ የቆመ ሰው፣ ባንዲራው ከእጁ ቢወጣ እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄዱ አይለቀውም።

በማካራም ወር የመጀመሪያ ቀን ጧት የእህቱ ልጅ ኦማና ጃንጥላዋን ይዛ ከአሮጌው የቤተሰብ ቤት መጣች። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ኦማና አምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ሆኖም በእነሱ ወግ የቤተሰቡ አባወራ የእናት ወንድም ስለሆነ፣ ያለ አጎቷ ቃል የልደት ወተት አትጥድም።

«አጎቴ፣ ነገ ሮሂኒ ናት» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ።»

«የእማዬ ኮከብ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሰማንያ አራት ደፈነች። ሺህ ሙሉ ጨረቃ አየች ማለት ነው። ወተት ልጣድ ወይ ብዬ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አቹታን ተነሥቶ የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረደ። መነጽሩን አደረገና ጣቱን በቀኖቹ ላይ አስኬደው።

«ሮሂኒ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ትወጣለች» አለ። «አንዴ ነገ፣ በሁለተኛው ቀን። አንዴ ደግሞ በሃያ ዘጠነኛው ቀን። ኮከብ በአንድ ወር ሁለቴ ከወጣ ልደቱ በኋለኛው ነው።»

«ደንቡንማ እኔም አውቀዋለሁ። ግን እማዬ ትናንት ማታ ብድግ ብላ ቁጭ አለችና፣ 'ሮሂኒ ነገ ናት ወይስ ከነገ ወዲያ?' አለችኝ። ሳትጠየቅ አንድ ቃል ከተናገረች ሳምንት አልፏት ነበር። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'ወተት የሚጥድ ሰው አለ?' አለች።»

አቹታን መነጽሩን አወለቀ።

«እንዲህ አለች?»

«አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የፓያሳምን ስም ያልጠራች ሴት።»

አቹታን ሰዓቱን አየ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረም።

«ሁለቱንም እናድርገው» አለች ኦማና ድምጿን አለስልሳ። «ነገ ትንሿን፣ በኋለኛው ደግሞ ትልቁን። ማን ይከሰናል?»

«ሰው ሁለት ጊዜ አይወለድም። ባቡርም ከአንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ አይነሣም።»

«እማዬ ባቡር አይደለችም፣ አጎቴ።»

«በሃያ ዘጠኝ ነው። ተናግሬያለሁ።»

ሚስቱ ባርጋቪ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። «ኦማና፣ ነይ ሻይሽን ጠጪ» አለች። «ሹሙ ቀዩን ባንዲራ አውጥተዋል። ከእንግዲህ የሚያልፍ የለም።»

ኦማና ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። አቹታን በቀይ እርሳስ በሃያ ዘጠኝ ላይ ክብ አደረገ። በሁለት ላይ ደግሞ ትንሽ መስመር አሰመረበት።

ደንብ ማክበሩ እውነት ነው። ነገር ግን ለማንም ያልነገረው ሌላ ምክንያት ነበረው። ያን ፓያሳም፣ ያን ጣፋጭ የልደት የወተት ሩዝ፣ ኦማና እንድትሠራው አልፈለገም። በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ እጁ እህቱን ሊያጎርሳት ነበር ያሰበው። ችግሩ፣ በሰባ ሁለት ዓመቱ ከሻይ በቀር ያፈላው ነገር አልነበረም። ሃያ ሰባት ቀን ግን ለመማር ይበቃል። ደንቡ ነው ይህን ጊዜ የሰጠው፤ እሱም ደንቡን አመሰገነ።

*

እናታቸው የሞተችው አቹታን በተወለደ በአምስተኛው ቀን ነው። ታላቅ እህቱ ማዳቪ፣ የኦማና እናት፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አያቷ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር ሕፃኑ ከማዳቪ ወገብ አልወረደም። አባታቸው እንደ ወጉ በራሱ እናት ቤት ነው የሚኖረው፤ በበዓል ቀን ይመጣል፣ ምሽት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ አቹታን «እማዬ» ብሎ የጠራው ሰው በዓለም ላይ የለም። አፉን የፈታው «ኦፖል» ብሎ ነው፤ በወንዙ ዳር ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። እሷም «ኡኒ» ትለዋለች፤ ትንሽዬ ልጅ ማለቷ ነው። የጣቢያ ሹም ሆኖ ነጭ ኮት ለብሶ ሲመጣ እንኳ «ኡኒ፣ እግርህን ታጠብ» ነበር የምትለው።

በዓመት አንድ ቀን፣ የአቹታን የልደት ኮከብ በወጣች ቀን፣ ማዳቪ የወተት ፓያሳም ትሠራለት ነበር። ወተት፣ ቀይ ክክ ሩዝ፣ ስኳር፤ ሌላ ምንም የለውም። ሄል እንኳ አይገባበትም። ሄል የሚጨምር ወተቱን ያላመነ ሰው ነው ትል ነበር። በሰፊው የነሐስ ድስት ወተቱን ታፈስሳለች፣ በወተቱ ልክ ውሃ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ የኮኮናት ቅርፊት እሳት እየመገበች በረጅሙ ማማሰያ ታማስላለች። ዋናው ነገር ሰልባቦት እንዳይዝ ማድረግ ነው፤ እጅ ካረፈ ወተቱ ቆዳ ያበጃል፣ ከሥሩም ያርራል።

ቤቱ ውስጥ ሰዓት አልነበረም። ነገር ግን ሐዲዱ ከጓሮው አጥር ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበርና ማዳቪ በባቡር ትቆጥራለች። የጧቷ ስታልፍ ወተቱ ይጣዳል። ፖስታ የምትጭነዋ ስታልፍ ሩዙ ይገባል። ስኳሩ የሚገባው የቀትሯ ስታልፍ ነው። አቹታን ኮኮናት በሚፋቅባት ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ኦፖል፣ ስኳሩን አሁን ላድርገው?»

«የቀትሯ አልፋለች?»

«አላለፈችም።»

«ታዲያ ዝም በል። ከእሷ በፊት ስኳሩን ከነካኸው ማማሰያው ከጀርባህ ላይ ነው የሚያርፈው።»

ባቡር መቁጠር የጀመረው እዚያች ዱካ ላይ ነው። በኋላ የምድር ባቡር ፈተና ሲፈተን፣ ለምን ይህን ሥራ መረጥክ ብለው የጠየቁትን ሰዎች «አገሬን ለማገልገል» አላቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ባቡር ሲያልፍ የሚጣፍጥ ነገር ይደርሳል ብሎ ልቡ ገና በልጅነቱ ተምሮ ነበር።

*

ስድሳ ዓመት ሲሞላው አቹታን ትልቅ ግብዣ ደገሰ። ከከተማ ወጥ ቤቶች ተቀጠሩ፣ ጓሮው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ድሮ አለቃው የነበረ ትልቅ ባለሥልጣን ከነባለቤቱ መጣ። የሙዝ ቅጠሉ ተዘርግቶ እንግዳው ሁሉ ሊቀመጥ ሲል አንዲት ባለሦስት እግር ባጃጅ እያጓራች በሩ ላይ ቆመች። ማዳቪ ወረደች። የለበሰችው ነጭ ልብስ ጫፉ ጥላሸት ነክቶታል። የነሐሱን ድስት ከባለባጃጁ ጋር በሁለት ጆሮው ይዛ አመጣችው። አፉ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ በሙዝ ልጥ ታስሯል።

«ሹሙ፣ አንድ ባቡር ዘግይቶ ገባ» አለ ከእንግዶቹ አንዱ ለቀልድ።

ሰው ሳቀ። ባለሥልጣኑም ሳቀ። አቹታን የእህቱን ጥላሸት አየ፣ የአለቃውን ሚስት የወርቅ ጥለት አየ፤ ከዚያ አፉ ከልቡ ቀደመ።

«ይቺ የዕቃ ባቡር ናት» አለ። «ከጎን ሐዲድ ትቁም። ዛሬ ፈጣኗ ናት የምታልፈው።»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። ማዳቪም ሳቀች፤ ሰው ፊት የወንድሟን ቀልድ መሬት ላይ የምትጥል ሴት አይደለችም። ድስቱን ራሷ ወደ ኋላ በረንዳ ይዛው ሄደች። ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የወጥ ቤቶቹን ፓያሳም በላች፤ ጥሩ ነው አለች።

የእሷን የከፈተው የለም። በማግስቱ አቹታን ድስቱን በሰው አስይዞ እንዳለ ላከላት። ውስጡ ምን እንዳለ አላየም። ኦማና በኋላ ለባርጋቪ እንደነገረቻት፣ ማዳቪ ልጡን ፈታች፣ ቅጠሉን አነሣች፣ የጎመዘዘውን ወተት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከኮኮናቱ ሥር ደፋችው፣ ድስቱን በአመድ አጠበችው፣ ጣራው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ሰቀለችው። አላለቀሰች፣ አልተቆጣች። በበዓል ልብስ ይዞላት ሲሄድ ሻይ ታፈላለታለች፣ ስለ ጉልበቷ ታወራዋለች። ኮከቡ በወጣች ቀን ግን የሚጣድ ወተት የለም። «እጄ ረሳው» ትላለች ለሚጠይቃት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አቹታን ያን ቃል ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያስብ ኖረ። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጠብቀው ትክክለኛውን ቀን ነበር።

*

የመጀመሪያውን ፓያሳም የሠራው በጋዝ ምድጃ ላይ፣ በባርጋቪ ድስት ነው። አረረ።

«ይሄ ፓያሳም አይደለም» አለች ባርጋቪ ማማሰያውን አንሥታ እያየች። «የባቡር ከሰል ነው። ከእኔ ድስት ላይ ማን ሊፍቀው ነው?»

«እኔ እፍቀዋለሁ።»

«ይሄን ለማየት ነው ለካ እስካሁን ያልሞትኩት።»

ለሁለተኛው ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ የነሐሱን ድስት ከቆጡ አወረደ። ማዳቪ ተኝታ ነበር። ኦማና ለምን እንደፈለገው አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። እቤቱ ተመልሶ ጓሮው ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ፣ የኮኮናት ቅርፊት ሰብስቦ፣ እንደ ሕፃንነቱ ዱካ ላይ ተቀመጠ። የሚያልፈው ባቡር ከእነዚያ ከድሮዎቹ አንዱም አልነበረም፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ የሚበሩ ሆነዋል። አቹታን ግን የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፍቶ ሥራ ሲጀምር የተሰጠውን የጊዜ ሰሌዳ አወጣ። ሦስቱ ባቡሮች እዚያ ነበሩ። የጧቷ በሦስት ሰዓት ከዐሥር። የፖስታዋ በአራት ከአርባ። የቀትሯ በአምስት ከሃያ አምስት። ወረቀቱን በድንጋይ አስደግፎ ከፊቱ አቆመው።

በሦስት ከዐሥር ወተቱን ጣደ። በአራት ከአርባ ሩዙን ጨመረ። በአምስት ከሃያ አምስት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ስኳሩን ጨመረ። ከዚያ ምንም ያህል ቢያማስል ሩዙ አልበሰለም። ስኳር ከገባ በኋላ ሩዝ እንደ ግትር ሰው ነው፤ እሳት ቢያነዱበት አይለዝብም።

ባርጋቪ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ጉንጯን ያዘች።

«ያለችኝን ሁለት ጥርስ ሊወስዱብኝ ነው? ሩዙ ገና ሳይበስል ስኳር ለምን ጨመሩ?»

«ሰዓቱ ነው።»

«የማን ሰዓት? የሩዙ ወይስ የእርስዎ?»

«የቀትሯ የምታልፈው በአምስት ከሃያ አምስት ነው። ኦፖል በእሷ ነበር የምትሠራው። ጥፋቱ የሩዙ ነው።»

ሩዙን ቀየረ። ከዚያ ወተቱን ቀየረ፤ የጎረቤት ላም እያለበ አመጣ። ከዚያ እንጨቱን ቀየረ። ሰዓቱን ብቻ አልቀየረም። ወሩ እየተጋመሰ ሄደ፤ ባርጋቪ ጠንካራ ሩዝ ያለበትን ወተት ለጎረቤት ጥጃ እየሰጠች «ጥጃው ሹም ሊሆን ነው» ትል ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኦማና በስልክ ደወለች። ማዳቪን የሽባነት ሕመም በአንድ ጎኗ መትቷት ኖሯል። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት ዕድሜ ነው ብሎ ሄደ። የሚወርድላት የሩዝ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም በማንኪያ።

አቹታን ሄዶ አያት። አልጋዋን ከጓዳው አጠገብ ወዳለችው ክፍል አምጥተውታል። ዓይኗን ገልጣ አየችው፣ መልሳ ጨፈነች። ሲወጣ ኦማና በሩ ድረስ ተከተለችው።

«አጎቴ፣ አሁንስ? ዛሬ ማታ ትንሽ ወተት ላፍላላት?»

«ሮሂኒ ዐሥር ቀን ቀርቷታል።»

«ለሮሂኒ ዐሥር ቀን ቀርቷታል። ለእማዬ ስንት እንደቀራት ያውቃሉ?»

ጫማውን አድርጎ ወጣ። እቤቱ ሲደርስ ባርጋቪም ያንኑ ነገረችው። «ዛሬውኑ ያድርጉት። ኮከቧ አትቀየምም።» አቹታን ግን ያልበሰለ ሩዝ ይዞ ወደዚያ አልጋ መቅረብን አሰበና ተወው። አንድ ጊዜ አዋርዷታል፤ በተበላሸ ፓያሳም ሁለተኛ ሊያዋርዳት ነው? መስተካከል አለበት። በቀኑ፣ በሰዓቱ፣ በልኩ። እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ሲያሳምን ዳኛውም ምስክሩም አንድ ነው።

*

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ታጥቦ፣ ግንባሩን እንደ በዓል ቀን የሰንደል እንጨት ዱቄት ተቀብቶ፣ ድስቱን በባጃጅ ጭኖ ወደ አሮጌው ቤት ሄደ። ባርጋቪም አብራው ነበረች። ኦማና መብራቱን አብርታ፣ ከአልጋው አጠገብ በምሥራቅ በኩል የሙዝ ቅጠል ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ባለልደቷ ሳትቀምስ ቤተሰቡ አይቀምስም፤ ስለዚህ ከጧት ጀምሮ ማንም አልበላም።

ወተቱን በእህቱ ምድጃ ላይ ጣደ። ከዱካው ሆኖ የጓዳው በር ክፍት ስለሆነ የእሷን ፊት ያያል። ማዳቪ ዓይኗን ገልጣ ነበር። የጭሱ ሽታ ይሁን የማማሰያው ድምፅ አይታወቅም፣ ከዐሥር ቀን ወዲህ እንዲህ ነቅታ አላየናትም አለች ኦማና።

በአራት ከአርባ ሩዙ ገባ። አምስት ከሃያ ሲሆን አቹታን ስኳሩን በሳሕን ይዞ ሰዓቱን እያየ ቆመ።

«ኡኒ።»

ድምጿ ከአንድ ጎን ነው የወጣው፤ ግን የእሷ ነበር።

«አቤት፣ ኦፖል።»

«የያዝከው ምንድን ነው?»

«ስኳር።»

«የቀትሯ አለፈች?»

«የቀትሯ ዛሬ የለችም፣ ኦፖል። ከቆመች ብዙ ዓመቷ ነው። ግን ሰዓቷ ደርሷል፤ አምስት ከሃያ አምስት።»

የማዳቪ ደረት ከፍ ዝቅ አለ። እየሳቀች እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

«በአምስት ከሃያ አምስት... አንድ ቀን መጥታ ታውቃለች?» አለች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች። «አንድ ሰዓት... አንዳንዴም አንድ ሰዓት ተኩል ትዘገያለች። ሁልጊዜ። የጣቢያ ሹም አይደለህ?»

ባርጋቪ ከጥግ ሆና አፏን በእጇ ሸፈነች። አቹታን ሳሕኑን እንደያዘ ቆመ። ሠላሳ አምስት ዓመት የዘገየ ባቡር መዝግቧል። ስንት ሺህ ጊዜ በገዛ እጁ «ዘግይቷል» ብሎ ጽፏል። የልጅነቱን ባቡር ግን በሰዓቷ ነበር ሲያስመጣት የኖረው። ሳሕኑን አስቀመጠና ዱካው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አማሰለ።

ወተቱ ነጭነቱን እየለቀቀ ወደ ሮዝ ማድላት ጀመረ።

«ኡኒ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን... ቀመስከው?»

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቃትም። አንዲት ትንሽ ውሸት ልታረካት ትችል ነበር። በኋላ ዳርቻው ላይ በጣቴ ቀመስኩት ቢላት ማን ይመሰክርበታል? አፉን ከፈተ፤ ውሸቱ ግን አልወጣም።

«አልቀመስኩትም፣ ኦፖል።»

«አውቃለሁ። ልጡ... የኔው ቋጠሮ ነበር። አልተፈታም።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ትዋሸኝ እንደሆነ።» ትንሽ ተነፈሰች። «ከጎን ሐዲድ... ቆሞ አደረ።»

የሚንቀሳቀሰው የከንፈሯ ጎን ወደ ላይ ሳብ አለ። ሳቅ ይሁን ሕመም አቹታን ሊለየው አልቻለም። አሁን ነው፣ አለው ልቡ። ተነሣና አልጋዋ ሥር ቁጭ ብለህ በድያለሁ በላት። ሦስት እርምጃ ነው። ግን ማማሰያውን ከለቀቀ ወተቱ ያርራል፤ ደግሞም ኦማናና ባርጋቪ ቆመው እያዩት ነው። አሁን ሳይሆን ሳጎርሳት እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ይዤ፣ ጆሮዋ ሥር። እንዲያ ይሻላል።

«እሳቱን ልየው» አለ፤ አንገቱንም ወደ ምድጃው መለሰ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አንዲት የሩዝ ፍሬ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ጫን አላት። ጠፋች። ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ ጨመረው። ወተቱ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ መልሶ ወፈረ፣ ማማሰያውን እንደ ቅባት ለበሰው። ድስቱን ሲያወርዱት ኦማና ጎንበስ ብላ አየችውና ምንም ሳትል ዓይኗን ጠረገች። ቀለሙ ያው የድሮው ነበር።

አቹታን በትንሽ ሳሕን ቀዳ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ነፋ፣ ማንኪያ ይዞ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ኦፖል፣ የቀትሯ አለፈች።»

ማዳቪ ተኝታለች።

«ኦፖል።»

ኦማና ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ነካች። እጇን ያዘች፣ ስሟን ጠራች። ማዳቪ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ረጅምና ሰላማዊ ነው። አልነቃችም።

«ትንሽ ትተኛ፤ ደክሟት ነው» አለች ባርጋቪ።

ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። በሳሕኑ ውስጥ ያለው ፓያሳም ሰልባቦት ያዘ። አቹታን ሰልባቦቱን በማንኪያ ገፋ አደረገው፤ ተመልሶ ያዘ። ማንም አልበላም። ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ልትጠልቅ ስትል፣ ኦማና የማታውን መብራት አብርታ መጣችና፣

«አጎቴ፣ ይጎመዝዛል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። የሚጎመዝዝ ፓያሳም ምን እንደሚመስል እዚያ ቤት ሁሉም ያውቃል።

አቹታን ማንኪያውን በሳሕኑ ጫፍ ነክሮ አንዲት ጠብታ በእህቱ ከንፈር ላይ አኖረ። ጠብታዋ እዚያው ቆየች፤ ከዚያ በጉንጯ ወረደች። በልብሱ ጫፍ ጠረገላት።

«ብሉ» አለ።

አባወራው ካለ ይበላል። ባርጋቪና ኦማና በሉ። እሱ የመጨረሻው ነበር። ሩዙ በምላሱና በላንቃው መካከል ሟሟ። የእሷው ነበር፤ ምንም አልጎደለውም፣ ምንም አልተረፈውም። ይህን ጣዕም ከዱካዋ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ተኝታለች። ሦስቴ ጎረሰ። አራተኛውን አልቻለም፤ የበላበትን ቅጠል አጠፈው።

ማዳቪ ከዚያ በኋላ ዓይኗን አልገለጠችም። በተከታዩ ወር፣ በኩምባም፣ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። በአፏ የገባ ውሃ ብቻ ነው። የወንድሟን ቃል ትስማ አትስማ የሚያውቅ የለም፤ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ በድያለሁ ያላት በመጨረሻዋ ቀን፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሳለ ነውና።

*

በሌላው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት መጨረሻ፣ ኦማና እንደ ልማዷ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። የልጅ ልጇ ሦስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ነው። ኮከቧ በወሩ ሁለቴ ትወጣለች፤ አንዴ ነገ፣ አንዴ ከሃያ ሰባት ቀን በኋላ።

«ለኋለኛው እናዘጋጅ አይደል?» አለች። «እንዲያው አጎትን ሳልጠይቅ እንዳይቀር ብዬ ነው የመጣሁት።»

አቹታን ግድግዳውን አየ። ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ አሁንም ከአዲሱ ሥር ተሰቅሏል፤ ባርጋቪ ልትጥለው ብትል ከልክሏታል።

«ሁለቱንም አድርጉ» አለ።

«ደንቡ ግን...»

«ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ኦማና። ነገ ወተት ጣጂ። እኔም እመጣለሁ።»

«በስንት ሰዓት ልጠብቅዎት?»

አቹታን ወደ እጁ አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን በልብሱ እጅጌ ሸፈነው።

«ስትነሺ እዚያ ታገኚኛለሽ» አለ።

በማግስቱ ኦማና የጓዳውን በር ስትከፍት በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና እግሩ ጭቃ ነክቷል። ኦማና እግሩን አየች፣ ግን እናቷ ትለው የነበረውን ለማለት አልደፈረችም። እሱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ውሃው ሄደና እግሩን ታጠበ፤ ከዚያ ገብቶ ዱካዋ ላይ ተቀመጠ።